ከመወጣጫው የተነቀሉት ሁለት አጣናዎች

እንደሻውን አሰላ ውስጥ ፎቅ ያስገነባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን የጨረሰው አጣና ከአጣና እያጋጠመ፣ ሌላው ሰው ቆሞ የሚሠራበትን መወጣጫ ሲያቆም ነው። ግንበኛው ይገነባል፣ ለሳኙ ይለስናል፣ ቀለም ቀቢው ቀብቶ ይመረቅለታል። የእንደሻው ሥራ ግን ሕንፃው ባለቀ ማግስት ይፈርስና ክምር እንጨት ይሆናል። ይኼ ነገር ያንገበግበዋል። «እኔ ባልኖር ሁላችሁም መሬት ለመሬት ነበር የምትድሁት!» ይላቸዋል፤ አልዋሸም።

ኩራቱ አንድ ነገር ላይ ነበር፦ እሱ ካቆመው መወጣጫ ላይ ሰው ወድቆ አያውቅም። ይህንን ጠላ ቤት ይናገራል፣ ለቅሶ ቤት ይናገራል፣ ሳይጠይቁትም ይናገራል። መቼም ሰው መመኪያ ካገኘ ይዞ ሙጭጭ ነው።

ኤልሮኢ የሚባለው ወጣት መሐንዲስ ሄልሜትና የአደጋ መከላከያ ቀበቶ ይዞ ወደ ሥራው ቦታ የመጣ ጊዜ ደግሞ እንደሻው ጉድ አለ። ሄልሜቱን ሳምንት ሙሉ የምስማር ማስቀመጫ አደረገው። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ላይ ከወደቅሁ እግዜር ጠርቶኛል ማለት ነው» ሲለው፣ ኤልሮኢ «እግዜር ሲጠራዎት በመሰላሉ ወርደው ይሂዱ» ብሎ መለሰለት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እንደሻውም ሳቀ፤ ሄልሜቱን ግን አላደረገም።

ፈናን ከቀን ሠራተኞቹ አንዷ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቷ የሞተባት፣ እናቷ ኢተያ አጠገብ በገጠር የምትኖር፣ እሷ አሰላ ከሦስት እኩዮቿ ጋር ቤት ተከራይታ የተቦካ ሲሚንቶ በባልዲ ወደ ላይ የምታመላልስ ልጅ። እንደሻው ይወዳት ነበር። የሚወዳትም በአንድ ጠባይዋ ነው፤ አዲስ ጣውላ ላይ ከመውጣቷ በፊት በእግሯ ጫፍ ትነካካውና «ጋሼ፣ ይቺ ትችለኛለች?» ብላ ትጠይቀዋለች። ሌሎቹ ዘለው ሲወጡ እሷ ትጠይቃለች። «ዝሆንም ትችላለች፣ ውጪ» ሲላት ደስ ብሏት ትወጣለች። ይህንን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንደሻውን እንቅልፍ የነሳው እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በለቅሶ ነው። ወለተ ማርያም የሚባሉ የሰፈሩ ባልቴት ቅዳሜ ዐረፉ። ለእሑድ ቀብር ድንኳን ሊተከል ዕድርተኛው ተሰብስቦ ሲያይ ሸራው አለ፣ የድንኳኑ ብረት የለም። ካለፈው ወር ጀምሮ ለሌላ ሰፈር ለቅሶ በውሰት ሄዶ አልተመለሰም። ያዋሰው ማነው? የዕድሩ ዕቃ ያዥ። ዕቃ ያዡ ማነው? እንደሻው! ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው።

«አጣናው በእኔ ይሁን» አለ ደረቱን ነፍቶ።

በአገራችን ለለቅሶ የተወሰደ ዕቃ ሌብነት አይባልም። ከግንባታ ቦታ ጣውላው ለሠርግ መቀመጫ ይወጣል፣ በርሜሉ ለድግስ ውኃ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ጥበቃው አብዶም «ለቀብር ነው» ሲባል «ነፍስ ይማር» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። እንደሻው ከክምሩ አሥር ያህል አጣና መረጠ። ለመካከለኛ ምሰሶ የሚሆን ረጅምና ቀጥ ያለ ግን ሁለት ጎደለበት። ዞር ዞር ብሎ አየ። በሕንፃው ጀርባ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ራሱ መርጦ የመታቸው ሁለት አግዳሚዎች አሉ። የጣውላዎቹ ጫፍ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። ወጣና ነቀላቸው።

ጣውላዎቹንስ ለምን አብሮ አላነሳቸውም? ቀብሩ ደርሶበት ነው። ደግሞስ የጀርባው ግድግዳ ተራው ረቡዕ ነው፤ ማክሰኞ ሣልስቱ ያልቃል፣ ድንኳኑ ይነሳል፣ ማታውን መልሼ እመታቸዋለሁ አለ። እናም ጣውላው ከላይ ሲያዩት እንደነበረ ሆኖ፣ ከሥሩ ግን ጫፉን የሚደግፈው ነገር ሳይኖር ቀረ። እንዲያ ያለ ጣውላ በጫፉ የረገጠውን ሰው ገልብጦ ይጥላል። ይህንን ደግሞ ከእንደሻው ይበልጥ የሚያውቅ ሰው አሰላ ውስጥ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልሆነም።

ቀብሩ ላይ ተመሰገነ። «እንደሻው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» አሉ ሽማግሌዎቹ። እሱም «ኧረ ምንም አይደል» እያለ ምስጋናውን ጠጣው።

ሰኞ ጠዋት ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣ ዝናብ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ይገርፈው ጀመር። ኤልሮኢ ልስኑ እንዳይታጠብበት ፈርቶ «ፊት ለፊቱን ተዉት፣ ሁላችሁም ወደ ጀርባ ዙሩ!» ብሎ ጮኸ። እንደሻው ክው አለ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው፤ «ቁሙ!» ማለት። ግን ቁሙ ካለ ኤልሮኢ ለምን ይለዋል። ለምን ካለው፣ ሄልሜት የናቀው፣ ሠላሳ ዓመት ሰው አልጣልኩም እያለ ሲፎክር የኖረው እንደሻው፣ የገዛ መወጣጫውን አፍርሶ ለድንኳን ምሰሶ ሰጠ ሊባል ነው። ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ከክምሩ ሁለት እንጨት ይዤ ሮጥ ብዬ ልምታቸው፣ ባልዲው እስኪሞላ እደርሳለሁ ብሎ አሰበ።

እግሩን ሲያነሳ ፈናን መሰላሉ ሥር ቆማ አገኛት። ባልዲዋ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ የጀርባው ደህና ነው?» አለችው።

ኤልሮኢ አጠገባቸው ቆሟል። እንደሻው ሳቅ አለ፤ ምን እንዳሳቀው እግዜር ይወቅ። «የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ! ደህና ነው» አላትና ወደ ክምሩ ሮጠ።

አንዱን አጣና ትከሻው ላይ አድርጎ ሁለተኛውን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ጣውላው ሲጮህ ሰማ። ከዚያ ባልዲው። ከዚያ ሰው።

እውነቱን ለመናገር የደረሰላት እሱ ነው። ሌላው ሰው እሪ ሲል እሱ በጀርባው አዝሎ ባጃጅ ውስጥ አስገባት፤ ሆስፒታል እስኪደርሱ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ደግፎ ያዘ። ሄልሜቷ ተሰንጥቆ ራሷን አትርፎላታል፤ የግራ ጭኗ ግን ተሰብሯል። «ጋሼ፣ ምን ሆኜ ነው?» ትለዋለች እየደጋገመች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል። ምን ሆነሽ ነው ብሎ ለመናገር የነበረው ጊዜ ያ ነበር፤ አልተናገረም።

ይባስ ብሎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሲበተን፣ ተመልሶ ሁለት አግዳሚ መታ። ሲወርድ አብዶ በሩ ላይ ቆሞ ያየው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አብዶ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎጆው ገባ። ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ይህ ነው።

በማግስቱ ኤልሮኢ ከኮንትራክተሩ ቢሮ ከመጣ ሰው ጋር የጀርባውን መወጣጫ ለመመርመር ወጣ። እያንዳንዱን ጣውላ ረገጠ፣ ዘለለበት። «እንከን የለውም» ብሎ ወረደ። ከዚያ አንዱ ግንበኛ «በሸበጥ ነበረች እኮ፤ ዝናቡ አዳልጧት ነው» አለ። ሁሉም ወደ እንደሻው ዞሩ።

«አዎ» አለ እንደሻው። «በሸበጥ ነበረች።»

እውነት ነው፤ በሸበጥ ነበረች። ግን ዝሆን እንኳ የማይጥል ጣውላ ቢሆን ኖሮ በባዶ እግሯም ብትወጣ አትወድቅም ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አለ ሰው! ወረቀቱ ላይ «በሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ፤ እንደሻውም በምስክርነት ፈረመ።

አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሊጠይቃት ሄደ። እናቷ ወይዘሮ ቀለሟ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አማርኛ አይሰሙም፤ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። ማን እንደሆነ ሲነገራቸው ብድግ ብለው ሁለቱንም እጁን ሳሙት። ልጃቸውን ግን ዞር ብለው «ምነው ብታስቢ! ምነው እግርሽን ብታዪ! በሸበጥ ፎቅ ይወጣል?» እያሉ ይወቅሷታል። ፈናን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደሻው ብርቱካኑን አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልሄደም። ሰው ሲጠይቀው ሥራ በዛብኝ ይላል።

ግፉ በዚህ አላበቃም። ኤልሮኢ ከዚያ አደጋ በኋላ በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር አምስት ደቂቃ ስለ ጥንቃቄ ይነገራል የሚል ሥርዓት አመጣ። ተናጋሪው ማን ይሁን? ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ የተጎዳችውንም ልጅ ተሸክሞ ያዳነ ሰው! ብርቱካንማ ሰደርያ አለበሱት፤ ጀርባው ላይ «ደህንነት» የሚል ተጽፎበታል። እንደሻው እምቢ ለማለት ሞከረ፤ ትሕትና መሰላቸው።

«ስለ ፈናን ንገራቸው፤ በዓይናቸው ያዩት ነገር ስለሆነ ይገባቸዋል» አለው ኤልሮኢ።

መጀመሪያ አካባቢ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው አዝኖላት ነው አለ። ሰው ግን ሁሉንም ነገር ይለምዳል፤ እፍረትንም ይለምዳል። በሁለተኛው ወር ድምፁ ቀና። በሦስተኛው ወር ወሬውን ያሳምረው ጀመር። አንድ ጠዋት እንዲያውም ሸበጥ ያደረገች ሴት እንዴት ጣውላ ላይ እንደምትንሸራተት በአካሄዱ እያሳየ «እንደ ፈናን እንዳትሆኑ!» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እንደሻውም ሳቁ ደስ አለው። ደስ አለው እላችኋለሁ! ማታ ቤቱ ገብቶ ራት ሲቀርብለት ነገሩ ትዝ አለውና እጁን ሰሃኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሚስቱ «ምነው፣ ጨው በዛበት?» አለችው። «ለሰው ሞት አነሰው» አላት። ስለ ማን እንደሚያወራ አልገባትም።

በሰባተኛው ወር፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ ጠዋት ያንኑ ንግግር ሲያደርግ ቆይቶ ቀና ሲል ፈናን በሩ አጠገብ ምርኩዝ ተደግፋ ቆማለች። ከስታለች። የግራ እግሯ አይታጠፍም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አያውቅም፤ ግን ስሟን ሁለቴ ጠርቶ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

እሷ ግን እያነከሰች መጥታ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? አንድ ጊዜ ብቻ ነው እኮ የመጡት፣ ናፈቁኝ» አለችው። ከዚያ አዲስ ወደተቀጠሩት ልጆች ዞራ፣ «ስሙት፣ እውነቱን ነው። እኔ አልሰማሁም» አለቻቸው።



የመጣችው ሥራ ፈልጋ ነው። መውጣት ባትችልም መሬት ላይ ተቀምጦ ምስማር ማቃናት፣ አዲስ ኮንክሪት ውኃ ማጠጣት አለ፤ ለእሷ ቢሰጣት ብላ ነው። ኤልሮኢ ራሱን እየነቀነቀ ቆየ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ወረቀቱን አንብቧል።

«ፈናን፣ ብቀጥርሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አደጋው በራስሽ ጥንቃቄ ጉድለት ነው ተብሎ ተጽፏል። ደግመሽ ብትጎጂ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አላትና ወደ እንደሻው ዞረ። «የደህንነቱ ኃላፊ እርስዎ ነዎት። ትግባ ይላሉ ወይስ አትግባ?»

«እንደሱ አይበሉ ኢንጂነር» አለች ፈናን ቀደም ብላ። «አሁን ጠንቃቃ ሆኛለሁ። ያኔም እኮ ጠይቄ ነው የወጣሁት። ጋሼ ደህና ነው አሉኝ። እሳቸው ደህና ነው ካሉ ደህና ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይኸው ሰባት ወር ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት።»

ይቺን የምትመስል ነገር የሰማ ሰው ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ ወይ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይቀጥላል፣ ወይ ይፈርሳል። እንደሻው ሰደርያውን ከላዩ አወለቀ። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ልክ እንደየጠዋቱ ንግግር ተናገረ።

«ጣውላው ሥር አግዳሚ አልነበረም። እሑድ ዕለት ሁለቱን አጣና ነቅዬ ለለቅሶ ድንኳን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጠይቃኛለች። ደህና ነው አልኳት። እያወቅሁ። ማታውን ተመልሼ መታሁትና እናንተ የመረመራችሁት እሱን ነው። ሸበጥ አይደለም የጣላት። እኔ ነኝ የጣልኳት።»

አብዶ በሩ ላይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኤልሮኢ ሰደርያውን ከእጁ ተቀበለና «ይህንን ቢሮ መጥተው በጽሑፍ ይሰጣሉ» አለ። ከሠራተኞቹ አንዱ «ወይኔ!» አለ ለራሱ። እንደሻው የሚያየው ፈናንን ብቻ ነው። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። ምርኩዟን ታነሳብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ እንዲያውም ተመኘ።

እሷ ግን «ይህንን የተናገርከው በአማርኛ ነው» አለችው። አንቱታው ቀርቷል። «እናቴ አማርኛ አትሰማም። ኦሮምኛ ትችላለህ። ና፣ ለእሷ ንገራት።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

እስከ ኢተያ በሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። እግሯ ስለማይታጠፍ መተላለፊያው ላይ ዘርግታዋለች፤ የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ ይሻገራታል። አንዴ «ፈናን» ብሎ ጀመረ። «ለእኔ ነግረኸኛል» አለችው ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል። ከመኪና ወርደው በእርሻው መካከል ያለውን መንገድ ያዙ፤ እሷ በምርኩዝ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ልደግፍሽ እንዳይላት፣ በየት አፉ!

ወይዘሮ ቀለሟ ደጃፋቸው ላይ ስንዴ እያበጠሩ ነበር። ገና ከሩቅ ሲለዩት ሰፌዱን ጥለው ተነሡ።

«ልጄን ተሸክሞ ያዳነው! እንኳን እግርህ እዚህ ቤት ረገጠ!» እያሉ በኦሮምኛ መረቁት፤ ዘልቀው ገብተውም በትልቅ ኩባያ እርጎ ይዘው ወጡ። ፈናን ምርኩዟን ተደግፋ እንደቆመች ሲያዩ ተቆጡ። «ለእንግዳ በርጩማ አታወጪም? ድሮስ አንቺ መቼ ታስቢያለሽ! ብታስቢማ በሸበጥ ፎቅ ትወጪ ነበር?»

ፈናን እንደሻውን አየችው።

ኦሮምኛ ለእሱ ከልጆች ጋር እየተጫወተ ያደገበት ቋንቋ ነው፤ ሲቀልድበትም ሲጣላበትም የኖረበት ነው። ያን ቀን ግን ቃል በቃል እየለቀመ ነበር የተናገረው። እርጎውን አልተቀበለም።

«እናቴ፣ ይህ እርጎ ለእኔ አይገባም። ልጅዎ አላጠፋችም። ከመውጣቷ በፊት ጠይቃኛለች። እንጨቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ደህና ነው ብዬ የላክኋትም እኔ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ ጥፋቱ የእሷ ነው እያልኩ ሰው ፊት የዋሸሁባትም እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ቀለሟ ኩባያውን እንደያዙ ቀሩ።

«ጠይቃህ ነበር?» አሉት።

«አዎ።»

«ድገመው።»

«ጠይቃኝ ነበር።»

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጡት። እንደሻው ስድቡንና እርግማኑን ሊቀበል አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሳቸው ግን አልፈውት ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ እግሯ ሥር ተንበረከኩ፤ ያንን አልታጠፍ ያለ እግር በሁለት እጃቸው አቅፈው ጉልበቷን ይስሙ ጀመር። «ማሪኝ ልጄ፣ ማሪኝ! በየቀኑ ሰደብኩሽ፣ በየቀኑ ዝም አልሽኝ» እያሉ አለቀሱ። ጠዋት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባ ያልወጣት ፈናን ምርኩዟን ለቀቀችው፤ እናቷ ራስ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እንደሻው ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ተቀመጥም ሂድም ያለው ሰው አልነበረም።